የጄምስ ብሩስ ጉልበት፦ ከራስ ኤል ፊል ቆላ እስከ ፖሬታ ፍል ውሃ

በኢትዮጵያ ታሪክ ጥናት የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስም ሲነሣ የሚታወሱት የግሽ ዓባይ ምንጭ፣ በዘመነ መሳፍንት መባቻ የነበረው የጎንደር ቤተ መንግሥትና ወደ አውሮፓ ያሻገራቸው የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ናቸው። ስለ እግሩ የሚነሣው ጥቂት ነው። ሆኖም የመገጣጠሚያ ሕመም የሰውን አካሄድ እንዴት እንደሚለውጥ ለሚያጠና ተመራማሪ፣ ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የብሩስ ታሪክ ክፍል ይኸው የእግሩ ታሪክ ነው። በ1773 መጀመሪያ ላይ ካይሮ ውስጥ ከግራም ይሁን ከቀኝ ቅልጥሙ ክር የመሰለ ትል ብቅ አለ። ትሉ ያስከተለው ቁስል ሁለት ወር ሳይሞላ መግሉን አፍስሶ ወደ መዳኑ ተቃረበ፤ እግሩ ግን ሙሉ ብርታቱን መልሶ ያገኘው አንድ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ነበር። ቁስሉ በዳነበትና እግሩ በበረታበት ጊዜ መካከል ያለው ይህ ረጅም ልዩነት ምክንያት ያሻዋል። ምክንያቱን ለማግኘት ጉዞውን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሩስ በ1730 በስኮትላንድ ስተርሊንግሻየር፣ ኪኔርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። በእንግሊዝ ሃሮው ትምህርት ቤት ተምሮ በኤዲንብራ ሕግ ቢጀምርም አልገፋበትም። በ1754 አንዲት የወይን ነጋዴ ልጅ አገባ፤ ሚስቱ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ከ1763 እስከ 1765 በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ሠራ። ከዚያም ሉዊጂ ባሉጋኒ ከተባለ የቦሎኛ ሠዓሊ ጋር በሰሜን አፍሪካና በሶርያ የጥንት ፍርስራሾችን እየመዘገበ ዞረ። በዚህ ጊዜ ካፈራው ዕውቀት ለኢትዮጵያው ጉዞ ከሁሉ የጠቀመው በአሌፖ ከሚኖር ስኮትላንዳዊ ሐኪም የቀሰመው ሕክምና ነው። ቁመቱ ወደ 193 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ትከሻው ሰፊ፣ በፈረስ ግልቢያና በተኩስ የተካነ ሰው ነበር።

ሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በፌብሩዋሪ 1770 አጋማሽ ጎንደር ገባ። በዚያ ወቅት ከተማዋን ፈንጣጣ ይዟት ነበር። በቁስቋም ቤተ መንግሥት ከእቴጌ ምንትዋብ ቤተሰብ መካከል የታመሙትን ልጆች በማከሙ የእቴጌይቱንና የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን አመኔታ አገኘ። የወይዘሮ አስቴር ባል ራስ ሚካኤል ስሑልም ሆኑ ወጣቱ ንጉሥ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ያከበሩት በመድኃኒቱ ብቻ አልነበረም፤ ኮርቻ ላይ ያለው ብቃት በፈረሰኛ አገር ትልቅ ሞገስ ነበርና። ፈረሰኛን ኮርቻው ላይ የሚያጸናው የጭኑ ጡንቻ ነው። የዚህ ሰው ጭን በ1770 ምን ያህል የጠነከረ እንደነበረ የጎንደር መኳንንት በዓይናቸው አይተዋል።

የመተማ አካባቢ በብሩስ ሕይወት ውስጥ የገባው ገና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው። ብሩስ ሲመለስ በምጽዋ በኩል ላለመውጣት ወስኖ ነበር፤ የመረጠው በስናር በኩል የሚያልፈውን መንገድ ነው። መንገዱ ከጎንደር ደጋ ወርዶ ራስ ኤል ፊል በተባለው የጠረፍ ግዛት ያልፋል። ይህ ግዛት ዛሬ መተማና ማዶዋ ያለችው ገላባት የሚገኙበት ቆላ ነው። ንጉሡ የራስ ኤል ፊልን ገዥነት ለብሩስ ሰጡት። እሱም ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲመጣ በመንገድ ያወቀውን ያሲን የተባለ ሙስሊም እንደራሴው አድርጎ ላከ። ሹመቱ ለብሩስ ከስም ያለፈ ፋይዳ ነበረው፤ በጠረፉ ላይ የሚያውቀውና የሚተማመንበት ሰው አስቀምጦለታልና። ዘመኑ ጠረፉን ያለ ወዳጅ ማለፍ የማይታሰብበት ነበር።

ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። ምንጩን ከኮረብታው ላይ ቁልቁል ሲያየው ጫማውን አውልቆ በሩጫ ወረደ። ኮረብታው ሥራቸው ከመሬት በላይ ገፍቶ በወጣ አበቦች የተሸፈነ ስለነበር ሁለት ጊዜ ክፉኛ ወደቀ፤ ሁለት ጊዜም ተነሥቶ ሩጫውን ቀጠለ። ቁልቁለት መሮጥ ለጉልበት ከባዱ ፈተና ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት ይገታል፤ ጡንቻው ካልታዘዘ ጉልበት ይከዳል። አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ብሩስ በዚያ ቀን የወደቀው እግሩ ከድቶት ሳይሆን መሬቱ አዳልጦት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ፈረንሳይ አገር ያንኑ ኮረብታ እንዲወርድ ቢጠየቅ አንድ እርምጃ እንኳ አይወርድም ነበር።

ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። በዚያው ዓመት ሜይ የሠርባኩሳ ጦርነት የራስ ሚካኤልን ኃይል ሰበረ፤ አገሩም ለእንግዳ የማይመች ሆነ። ብሩስ በዲሴምበር 1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ወረደ። መጀመሪያ ያረፈው የወይዘሮ አስቴር ልጅ ኮንፉ በሚገዛውና እሱ ቸርኪን ብሎ በመዘገበው ስፍራ ነው። እዚያ ያየው የዝሆን አደን ለእግር አጥኚ ከቁም ነገር የሚቆጠር ነው። ሁለት አዳኞች አንድ ፈረስ ላይ ተፈናጠው ዝሆኑን ያስቆጡታል፤ ዝሆኑ ሲዞርባቸው ከኋላ የተቀመጠው ሰይፉን ይዞ ይዘልና ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት ይቆርጣል። ያ ግዙፍ እንስሳ አጥንቱ ሳይሰበር፣ መገጣጠሚያውም ሳይነካ ባለበት ይቆማል። የቆላው አዳኞች አጥንትን የሚያንቀሳቅሰው ጅማትና ጡንቻ መሆኑን ከማንም የአካል አወቃቀር መምህር ባልተናነሰ ያውቁ ነበር።

ከቸርኪን በኋላ ራስ ኤል ፊል ገብቶ ሖር ካካሙት በምትባል መንደር ተቀመጠ። ስሟን የሞት ጥላ ሸለቆ ብሎ ተርጉሞ ለደከመ መንገደኛ መልካም ምልክት እንዳልሆነ መዝግቧል። እዚያም በተቅማጥ ታሞ ተኛ። ያዳነውን ቁጥቋጦ ዋጊኖስ ብሎ መዘገበው፤ ዘሩንም ይዞ ሄደ፤ በኋላ የአውሮፓ ዕፀዋት ተመራማሪዎች ተክሉን በስሙ ብሩሲያ ብለው ሰየሙት። ከመንደሯ የወጣው ማርች 17 ቀን 1772 ነው። ጊዜው በጋ ነበር። በዚያ ቆላ በጋ ማለት ወራጅ ውሃ የሚቋረጥበት፣ ሰውም ከብቱም ከጉድጓድና ከታቆረ ኩሬ የሚጠጣበት ወቅት ነው።

ከዚያ በተዋ በኩል አድርጎ ኤፕሪል 29 ስናር ገባ፤ እስከ ሴፕቴምበርም ሳይወድ ቆየ። ቀጥሎ የመጣው የኑብያ በረሃ ነው። ግመሎቹ አለቁ፤ ጫማው ተበጣጠሰ፤ እግሩ ቆስሎ አበጠ። መሣሪያዎቹንና ማስታወሻዎቹን በረሃ ላይ ጥሎ በኖቬምበር 29 አስዋን ደረሰ፤ ከዚያም ግመል ለምኖ ተመልሶ አነሣቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ትሉ በሰውነቱ ውስጥ ነበር። ብሩስ ግን አላወቀም።

ካይሮ በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ተቀምጦ መጽሐፍ ሲያነብ ቅልጥሙ ላይ ከጉልበቱ ሎሚ 7 ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ የትንኝ ንክሻ የሚመስል ማሳከክ ተሰማው። አከከው፤ ደማ። ቆይቶ ጥቁር ነጥብ ብቅ አለ፤ የጊኒ ትል ራስ ነበር። ካይሮ ላይ በሽታውን የሚያውቅ ስላልነበረ በትሉ አገር የተለመደውን ዘዴ ተከተለ፤ ትሉን በሐር ክር ላይ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት መጠምጠም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኢንች ያህሉ ያለ ሕመምና ያለ ትኩሳት ወጣ። ወደ ፈረንሳይ በሚወስደው መርከብ ላይ ግን ቀዶ ሐኪሙ የቁስሉን ልጥፍ ሲለውጥ በችኮላ በጠሰው።

የተበጠሰ የጊኒ ትል ወደ ሥጋ ተመልሶ ይሰበሰባል፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽም በዙሪያው ይረጫል። ብግነቱ የሚብሰው በዚህ ጊዜ ነው። የብሩስ እግር ጉልበትና ቁርጭምጭሚቱ እስከማይለዩ ድረስ አበጠ፤ ቆዳው ተወጥሮ እንደ መስተዋት አብረቀረቀ። ቀዳዳው ተደፍኖ መግሉ መውጫ ስላጣ እግሩ ሊበሰብስ ነው ተብሎ ተፈራ። በማርሴይ ወደብ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ያገኘው ቀዶ ሐኪም ግን ብልህ ነበር፤ እብጠቱ ሲበስል ቀዳዳውን አስፍቶ መግሉን አፈሰሰው። በብሩስ ቆጠራ ሕመሙ ከጀመረ 52 ቀን ሆኖት ነበር፤ ከዚህም ውስጥ 35ቱ በከባድ ስቃይ ያለፉ ናቸው። የሲንኮና ቅርፊት ከውስጥ በመጠጣት፣ ከውጭም በማጠብ ተጠቅሟል።

ትሉ የት ገባ? ብሩስ ራሱ በሽታውን የታቆረ ውሃ ከመጠጣት ጋር አያይዞታል፤ የስናርን ጉድጓዶችም በስም ጠቅሷል። ሩሲያዊው አሌክሴይ ፌድቼንኮ የትሉ እጭ በጥቃቅን የውሃ ቁንጫዎች ውስጥ እንደሚያድግ ያሳየው ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1870 አካባቢ ነውና የብሩስ ግምት ለዘመኑ የሚደነቅ ነው። በዛሬው ዕውቀት ግን ግምቱን አንድ እርምጃ ማስኬድ ይቻላል። የተበከለ ውሃ ከተጠጣበት ቀን አንሥቶ ትሉ እስኪወጣ ከ10 እስከ 14 ወር ይፈጃል። ከ1773 መጀመሪያ ወደ ኋላ ሲቆጠር ዘመኑ ከ1771 ማብቂያ እስከ ኤፕሪል 1772 ላይ ያርፋል። ብሩስ በእነዚህ ወራት ከጎንደር ደጋ ወርዶ ስናር እስኪገባ ያለውን መንገድ ላይ ነበር፤ አብዛኛውንም ያሳለፈው በቸርኪንና በሖር ካካሙት ነው። ስናር የሚገባው በስሌቱ የመጨረሻ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ እሱ የስናርን ጉድጓድ ቢጠረጥርም፣ ለእግሩ መጎዳት ምክንያት የሆነው ውሃ ራሱ በገዥነት በተሾመበት ቆላ የጠጣው የመሆኑ ዕድል ይበልጣል።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ከራሱ ከብሩስ ጽሑፍ ነውና የምስክሩ ታማኝነት መመርመር ይኖርበታል። አምስት ቅጽ ያለው የጉዞ መጽሐፉ የታተመው በ1790፣ ከጉዞው ከ16 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ስለ ባሉጋኒ የጻፈው ከእውነት ጋር ይጋጫል፤ ሠዓሊው ግሽ አብሮት የነበረ ሆኖ ሳለ ከዚያ በፊት እንደሞተ አድርጎ አቅርቦታል። ኢየሱሳዊውን ፔድሮ ፓኤዝን በተመለከተም ፍርደ ገምድል ነው፤ ፓኤዝ በ1618 ምንጩን ማየቱን ላለመቀበል ብዙ ደክሟል። ሆኖም ብሩስ የሚያጋንነው ክብሩ በተነካበት ቦታ ነው። እግርን በትል መጎዳት ክብር የሚያስገኝ አይደለም። የዘረዘራቸው ምልክቶችም፦ ያለ ሕመም መጀመሩ፣ ሲበጠስ መባባሱ፣ ቀዳዳው ሲደፈን መግሉ መቋጠሩ፣ ሐኪሞች ከእሱ በኋላ በመቶ ዓመታት ውስጥ ከመዘገቡት ጋር ነጥብ በነጥብ ይገጥማሉ። በዚህ ጉዳይ ሊታመን ይገባል።

መግሉ ከወጣ በኋላ ያለው ታሪክ ነው እንግዲህ ዋናው። ትኩሳቱ ጠፋ፤ ሕመሙ ቀለለ፤ ብሩስም ከማርሴይ ተነሥቶ ከተፈጥሮ ተመራማሪው ቡፎን ጋር ተገናኘ፣ ፓሪስ ገባ፣ ለንጉሥ ሉዊ 15ኛ ቤተ መጻሕፍት አንድ የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂ አበረከተ። እግሩ ግን ብርታት አልነበረውም። ቁስሉ ቅልጥሙ ላይ ነው፤ ቅልጥም ላይ ያለ ቁስል ድኖ ሳለ እግር ለወራት የሚደክመው ለምንድን ነው?

መልሱ ያለው ከቁስሉ በላይ፣ ጭኑ ውስጥ ነው። ጉልበትን የሚዘረጉት አራቱ የፊት ጭን ጡንቻዎች ሕክምናው ኳድሪሴፕስ የሚላቸው ናቸው፤ በጉልበት ሎሚ በኩል አልፈው ቅልጥም ላይ ይያያዛሉ። ጉልበት ሲቆጣና ሲያብጥ፣ በመገጣጠሚያው ሽፋን ውስጥ ያሉት ነርቮች ወደ ህብለ ሰረሰር የሚልኩት መልእክት ይዛባል፤ ህብለ ሰረሰርም ለጡንቻዎቹ የሚያስተላልፈውን ትእዛዝ ይቀንሳል። ይህ በሕመምተኛው ፈቃድ የሚሆን አይደለም፤ ሕመም በሌለበትም ይከሰታል። በጤነኛ ሰዎች ጉልበት ውስጥ ንጹሕ ፈሳሽ በመጨመር የተደረጉ ሙከራዎች ይህን አሳይተዋል። ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ የውስጠኛውን ጡንቻ ለማዳከም ይበቃል፤ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ደግሞ የተቀሩትን ያዳክማል። ይህ አንድ የቡና ስኒ የማይሞላ መጠን ነው። ጉልበቱ ከእብጠቱ ብዛት ቅርጹን ያጣው ብሩስ ጭኑን ማዘዝ ቢሳነው አያስገርምም። በዚህ ላይ የሳምንታት መተኛት ተጨመረ። ሥራ ያጣ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ከእግር ጡንቻዎችም ቀድመው ከሚሟሽሹት አንዱ ይኸው የፊት ጭን ነው።

አማርኛ ጉልበት የሚለውን አንድ ቃል ለመገጣጠሚያውም ለብርታቱም ማዋሉ አጋጣሚ አይመስልም። ጉልበት ከሌለ ጉልበት የለም።

ጡንቻው ሲደክም አካሄድ የሚለወጥበት መንገድ የታወቀ ነው። ጤነኛ ሰው ተረከዙ መሬት ሲነካ ጉልበቱን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያጥፋል፤ የፊት ጭኑ ይህን መታጠፍ እየገታ የእርምጃውን ምት ያለዝባል። ጭኑ የደከመበት ሰው ይህን ለማድረግ ይፈራል። ስለዚህ ጉልበቱን እንደ ምርኩዝ አድርቆ ይረግጣል፤ እርምጃው ያጥራል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ደረቱን ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ሲብስበትም በእጁ ጭኑን ወደ ኋላ ይገፋል። ደረጃና ቁልቁለት መውረድ፣ ከዝቅተኛ በርጩማ መነሣት፣ ቁጢጥ ማለት፣ መስገድ ከሁሉ በፊት የሚያቅቱት ናቸው። የጉልበቱ መድረቅ ደግሞ ምቱን ሳያለዝብ በቀጥታ ለመገጣጠሚያው ያቀብለዋል፤ መገጣጠሚያው ይበልጥ ይጎዳል፤ የተጎዳው መገጣጠሚያ ጡንቻውን ዳግም ያዳክማል። በአሜሪካ ኢንዲያና በ1990ዎቹ የተካሄደ ጥናት በተለይ በሴቶች ላይ የፊት ጭን ድክመት ከጉልበት አርትራይተስ ቀድሞ ሊገኝ እንደሚችል አሳይቷል። ድክመቱ የበሽታው ውጤት ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ስለነበር ግኝቱ የጥናቱን አቅጣጫ ለውጧል።

ብሩስ ከፈረንሳይ ወደ ጣልያን ተሻግሮ ከቦሎኛ በላይ ባሉት ተራሮች ወደሚገኘው ፖሬታ ፍል ውሃ ሄደ። ፍል ውሃው የወዳጁ የኮንት ራኑዚ ንብረት ነበር። ስለ መስተንግዶውና ስለ ዋጋው ክፉኛ አማሯል፤ ስለ ውሃው ግን ምስጋናው ሙሉ ነው፤ ቁስል ላለበት ሁሉ ይበጃል ብሎ መክሯል። በዚሁ የጣልያን ጉዞ እሱ በሌለበት እጮኛውን ያገባውን ሮማዊ መስፍን ለፍልሚያ እስከመጥራት ደርሷል። እያነከሰም ቢሆን ብሩስ ብሩስ ነው።

ያዳነው ግን ውሃው ነውን? ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው በእግሩ የሚሸከመው ክብደት ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ መሬት ላይ መታጠፍ የሚያስፈራው ጉልበት ውሃ ውስጥ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ሙቀቱም ሕመሙን ያስታግሣል። ጭኑ ሥራ የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። የዛሬ ጥናቶች በውሃ ውስጥ የሚደረግ እንቅስቃሴ የጉልበት አርትራይተስ ላለባቸው መጠነኛና ጊዜያዊ ጥቅም እንዳለው ያሳያሉ፤ ጡንቻን የሚገነባው ግን እንቅስቃሴው እንጂ በሙቅ ውሃ መዘፍዘፉ አይደለም። በሌላ አነጋገር ብሩስን የረዳው ፖሬታ ላይ ያደረገው እንቅስቃሴ ሊሆን ይችላል፤ ምስጋናውን የወሰደው ግን ውሃው ነው። በደቡብ ጎንደር ዋንዛዬ ፍል ውሃ ለቁርጥማት የሚሄድ ሕመምተኛም ቀለለኝ ብሎ ሲመለስ የሚነገረው ይኸው ነው። ሕመምተኛውን ከዚያ ከመከልከል ይልቅ እዚያው ውሃ ውስጥ ጉልበቱን ማጠፍና መዘርጋት፣ ቤቱም ሲመለስ ከበርጩማ ደጋግሞ መነሣትን ማስተማር ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ብሩስ የተጎዳበት በሽታ ዛሬ ከምድር ሊጠፋ ተቃርቧል። በ1986 በዓለም 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይይዝ ነበር፤ በ2023 የተመዘገቡት 14 ብቻ ናቸው። በኢትዮጵያም የመጨረሻ መጠጊያው ጋምቤላ ሆኗል። ይሁን እንጂ ጋና ውስጥ የተደረገ ክትትል ትሉ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላም ሕመሙ ያልተዋቸው ሰዎች እንዳሉ አሳይቷል፤ የብሩስ አንድ ዓመት እንግዳ ነገር አልነበረም። በሽታው ሲጠፋ ደግሞ ጉልበት መታመሙን አያቆምም። ዛሬ በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ይውላል፤ መንገዱንም አብዛኛውን በእግሩ ይሄዳል። ጉልበቱ በጉዳትም ሆነ በብግነት ሲያብጥ ጤና ጣቢያ ቢደርስ የሚያገኘው የሕመም ማስታገሻ ነው። እብጠቱ ሲጎድል ዳነ ይባላል፤ እሱም ወደ ማሳው ይመለሳል። የጭኑን ውፍረት ከጤነኛው እግር ጋር በሜትር ማወዳደር፣ እጁን ሳይደገፍ ከወንበር መነሣቱን ማየት ደቂቃዎች ብቻ የሚፈጅ፣ መሣሪያም የማይጠይቅ ምርመራ ሆኖ ሳለ በተለመደው አሠራር ይዘለላል። በብሩስ ታሪክ መግሉን ያፈሰሰው የማርሴይ ሐኪም ድርሻውን በሚገባ ተወጥቷል፤ የቀሩት ወራት ግን ለሕመምተኛው ለራሱ የተተዉ ነበሩ። ብሩስ ወደ ፖሬታ የሚሄድበት ገንዘብና የሚቀበለው ኮንት ነበረው።

በጁን 1774 ለንደን ሲገባ እግሩ ድኖ ነበር። ያልዳነው ስሙ ነው። ስለ ጎንደር የተናገረውን፣ በተለይም ስለ ጥሬ ሥጋ አበላል ያወራውን፣ የለንደን ሊቃውንት ሳቁበት። ተቀይሞ ወደ ኪኔርድ ተመለሰ፤ በ1776 ዳግም አገባ፤ ርስቱን ሲያስተዳድር ኖረ። መጽሐፉን መጻፍ የያዘው ሁለተኛ ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሰውነቱ እጅግ ወፈረ፤ የግሽን ኮረብታ በሩጫ የወረደው ሰው ከባድ ሽማግሌ ሆነ።

ኤፕሪል 26 ቀን 1794 ማታ እንግዶቹን ሲሸኝ አንዲት አሮጊት እመቤትን ወደ ሠረገላዋ ሊያደርሳት ቸኩሎ የቤቱን ደረጃ ሲወርድ እግሩ ስቶ በራሱ ወደቀ። ደረጃ መውረድ የደከመ ጭን የሚጋለጥበት እንቅስቃሴ ነው፤ ሆኖም ያን ውድቀት ከ21 ዓመት በፊት ከነበረው ሕመም ጋር ማያያዝ ማስረጃ የለውም፤ ውፍረቱ፣ ዕድሜውና ችኮላው ይበቃሉ። ከወደቀ በኋላ ቃል ሳይተነፍስ በማግስቱ በ63 ዓመቱ ሞተ፤ በላርበርት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ከሁለተኛ ሚስቱ ጎን ተቀበረ።